በ፣ ኝ፣ ዪ

እስቲ ንገሩኝ፤ ልባችሁን የሰጣችሁት ሰው፣ የጻፋችሁለትን ደብዳቤ ራሱ ማንበብ እንደማይችል ድንገት ብታውቁ ምን ታደርጋላችሁ?

ቶሎ አትመልሱ። «ፍቅር ዲግሪ አይጠይቅም» ልትሉ ነው። አላምናችሁም። በአፍ ሲሆን ሁሉም ቸር ነው። የእጮኛችሁን ትምህርት ዘመድ ሲጠይቃችሁ ግን ወሬ ትቀይራላችሁ፤ ወይም «የራሱ ሥራ አለው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ።

እሷም እንደ እናንተው ነበረች። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል ኃላፊ ናት። አሮጌ ጋዜጣ የሚከመርበትን ክፍል ለመረከብ ሁለት ዓመት ተሟግታለች። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ሱቅ ሱቅ እየተጫወቱ የዕቃ ስም የሚያነቡበት፣ ፊደልን በእጃቸው የሚዳብሱበት፣ መጽሐፍ ከነሽፋኑ ፊት ለፊት የሚያዩበት ቦታ እንዲሆን ነበር ሙግቷ። የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር «ይሄ የንባብ ቤት እንጂ የሕፃናት መዋያ አይደለም» እያሉ ሁለት ዓመት መለሷት። ዳይሬክተሩ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች ሐሳቡን ሲያደንቁ ሐሳቡ የራሳቸው ሆኖ ተገኘ። ይህም ይሁን።

መደርደሪያዎቹን እንዲሠራ የተቀጠረው አናጺ በወርክሾፑ «ሚሊ» ነው የሚባለው። «አንድ ሚሊ ይቀራታል» ሳይል ሥራ አስረክቦ ስለማያውቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጣ፣ ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፦

«ተንበርከኪ» አላት።

«ምን አልክ?»

«የአራት ዓመት ልጅ ሁኚልኝማ። ዓይንሽ የት ድረስ እንደሚደርስ ልለካ ነው። አለዚያ መደርደሪያው ለአንቺ ይሆንና ልጆቹ እግሩን ሲያዩ ይውላሉ።»

ሳቋ መጣ። ተንበረከከች። ከወለሉ እስከ ዓይኗ ሜትሩን ዘረጋ። እጁ ፊቷ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ቁጥሩን ማየት ሲገባው እሷን አየ። በማግስቱ የመጀመሪያው መደርደሪያ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መጣ። ሚሊ በሕይወቱ ያበላሸው የመጀመሪያ ልክ ነበር፤ ሁለቱም ለምን እንደተበላሸ ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም አልተናገሩም።

ከመደርደሪያው ቀጥሎ ፊደሎቹ መጡ። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ የእንጨት ፊደል፣ እያንዳንዱ ለሕፃን መዳፍ የሚበቃ፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ የተሻሸ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ። እሷ በትልልቁ የጻፈችለትን እያየ ነው የቀረጻቸው። ፊደሎቹ ሳያልቁ ተዋደዱ። መጽሐፍ ታውሰው ነበር፤ «ግሩም ነው» እያለ ይመልስላት ነበር። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መማሩን ነግሯታል።

ውሸቱን ነው። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ የያዘው መሮ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ፊደሉን አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል፤ አያይዞ ማንበብ ግን ዳገት ነው።

ዳይሬክተሩ ይህን ከየት እንደሰሙ አይታወቅም። ክፍሉ ሊሞከር ወላጆችና ሠራተኞች በተሰበሰቡበት ዕለት የተረት መጽሐፍ አንሥተው ለሚሊ ሰጡት።

«ቤቱን የሠራኸው አንተ ነህ። የመጀመሪያውን ተረት ብታነብላቸው ክብሩ ላንተ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አናጺ ነኝ።»

«አናጺ አያነብም ያለው ማነው?»

ሚሊ መጽሐፉን ያዘ። «አ» አለ። ቆየ። «ን» አለ። ሕፃናቱ ጨዋታ መሰላቸው። «ድ!» ብለው አገዙት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፊደል ሲጠራ በአንድ ድምፅ እየጮኹ ተከተሉት፤ እያጨበጨቡ፤ በደስታ። ትልልቆቹ ሳቁ። አንገቱ ላይ ላቡ ይወርድ ነበር።

እሷ አልሳቀችም። ግን አንገቷን ደፋች። እሱም ያየው ይህንኑ ነው፤ የሳቁትን ሁሉ አላያቸውም፣ እሷ መሬት መሬት ስታይ ግን አየ።

በማግስቱ ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እኔ እኮ...»

«በአፍህ አልፈልግም። በአፍህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሃል። መልሱን በጽሑፍ ስጠኝ፤ በራስህ እጅ።»

ልብ በሉ። መራመድ የሚያቅተውን ሰው «ሮጠህ ና» እንደማለት ነው። እሷም ይህን አላጣችውም። ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ግን ለእሱ ማዘኗ ሳይሆን በሰው ፊት ማፈሯ ነበር።

*

ሳምንት አለፈ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ የልጆች ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ፊደሎቹ የሚሰቀሉበት ገበታ ገና ስላልተገጠመ በቅርጫት ነበር የሚቀመጡት። ቅርጫቱ ወለሉ ላይ ነው። ዝቅተኛዋ የሕፃናት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፊደሎች በጥንቃቄ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሜትር የተለካ ይመስላል።

ይ ቅ ር።

የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አንድ ጊዜ አነበበችው። ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። ይቅር። ይብቃ። እንተወው። የሕፃናቱ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «ሳምንት ሙሉ አስቦ አስቦ ሦስት ፊደል» አለች ለራሷ። ከዚያ ፊደሎቹን ሰብስባ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረቻቸው፤ የእንጨቱ ድምፅ ሲሰማት ደስ አላት፤ ሌላ የሚሰበር ነገር አማራት።

ወረቀት አወጣች።

«መልስህ ደርሶኛል። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ሳምንት የሚፈጅበትን ሰው ዕድሜ ልኬን ቁጭ ብዬ ልጠብቀው አልችልም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ፊደል ቀርጾ ስላመጣልኝ የተማረ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንጨቱንና ቀራጩን ለይቼ ማየት ነበረብኝ። ይቅር ካልክ ይቅር። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ሰው ድምፁ ያማረ እንዲሆንልህ እመኛለሁ።»

የጻፈችው በትልልቅ ፊደል አልነበረም። በችኮላ፣ በተጠላለፈ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የተማረ ሰው እንኳ ወደ ብርሃን ጠጋ ብሎ የሚያነበው ዓይነት። ለሌላ ሰው ሳይሰጥ እንዳያነበው ሆን ብላ ነው። «ተናዳ ነበር» የምትሉኝ ካላችሁ ተዉኝ። ንዴት ስድብ ያስወጣል፤ የእጅ ጽሕፈት አያስመርጥም።

*

ወርክሾፑ ውስጥ የጽሑፍ ነገር ሲመጣ የሚጠራው ቀለም ቀቢው ነው። «ሬዲዮ» ይሉታል፤ አፉ ስለማይዘጋ።

«ከእሷ ነው?» አለ ሬዲዮ ፖስታውን እያሸተተ። «ላንብብልህ ወይስ ላዚምልህ?»

«አንብበው» አለ ሚሊ። ፊቱ ላይ ሰጋቱራ አለ፤ ከሰጋቱራው ሥር ግን ሳቅ ሊያመልጠው ደርሶ ነበር። «ጮክ በል፣ ማሽኑ ይጮሃል።»

ሬዲዮም ጮኸ። «መልስህ ደርሶኛል!» ብሎ ጀመረ፤ ሠራተኛው ሁሉ አፏጨ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ፉጨቱ ቆመ። «ፊደል ያልቆጠረ» የሚለው ላይ አንዱ ማሽኑን አጠፋው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሬዲዮ ራሱ ዝም አለ፤ ዕድሜውን ሁሉ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው።

«ጨርሰው» አለ ሚሊ።

«አልቋል እኮ።»

«አላለቀም። አፍህ ላይ የቀረ አለ።»

ሬዲዮ ወለል ወለሉን እያየ ጨረሰው።

«ድገመው።»

«ሚሊ፣ ተው በናትህ...»

«ድገመው አልኩህ። በቃሌ ልያዘው፤ ራሴ ማንበብ አልችል።»

ሦስት ጊዜ አነበበለት። ሚሊ ወረቀቱን ተቀብሎ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተውና መላጊያውን አነሣ። ያን ቀን ከሰዓት አንድ ሳንቃ እስኪሳሳ፣ እስኪሳሳ፣ ለምንም ነገር እስከማይሆን ድረስ ላገ። ማንም «በቃ» ሊለው አልደፈረም።

*

ምረቃው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ገበታው በወርክሾፑ ልጆች ግድግዳው ላይ ተገጠመ፤ ሠላሳ ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ሰባት ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል በልኩ የተቦረቦረ ማረፊያ። ከቅርጫቱ እያወጣች ትሰካ ጀመር። ቅርጫቱ ሲያልቅ ሦስት ቦታ ባዶ ቀረ።

ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ጎደለ እንዴ?»

«ሦስት። በ፣ ኝ፣ ዪ።»

«አጉድሎ ነዋ ያስረከበው። ሲቀርጽ ቆጥሮ ያውቅና!» ብለው ሳቁ። «ጻፊው። ቅዳሜ በንግግሬ አነሣዋለሁ፤ ሕዝብ ማን እንደሠራለት ይወቅ።»

እሳቸው ሄዱ፤ እሷ ቆመች። ሚሊ ያጎድላል? ለአንድ ሚሊ ሲል ያለቀ መደርደሪያ ከሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ ያወረደ ሰው? ልጆች ወስደዋቸው ይሆናል ብላ አሰበች። ግን ልጅ «ሀ»ን ይወስዳል፣ የስሙን መጀመሪያ ይወስዳል። ዪን ማን ይሰርቃል? በዚህች ምስኪን ፊደል ማን ምን ይጽፍባታል?

በገበታው ተራ አነበበቻቸው፤ በ፣ ኝ፣ ዪ። ትርጉም የለውም። እንደገና። ዓይኗ ከባዶዋ የዪ ቦታ ሦስት ቦታ አለፍ ሲል «ይ» ተሰክታ ቆማለች። ያቺ ይ። ሰኞ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ይ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ነው የተሠራው፤ ይን አንዴ የተጠቀመ ሰው ሌላ ይ ቢያስፈልገው...

ዘመዷን ይጠቀማል።

በ። ዪ። ኝ።

ይቅር በዪኝ።

ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ወረደች። የአራት ዓመት ልጅ ቁመት ላይ ስትደርስ ቆመች።

*

ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ሥራ የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት የልጆች ክፍል ገብተው ነበር?»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አልካዱም፤ መካድን እንደ ውርደት ነው የሚያዩት። መሳቢያቸውን ስበው ሦስቱን ፊደል ጠረጴዛው ላይ ደረደሩላት።

«እናትሽ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው» አሉ። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩሽ አንድ መሃይም እንጨት ደርድሮ እንዲያባብልሽ አይደለም።»

«ይቅርታ ነበር እኮ የጠየቀኝ!»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ። ከነስሕተቱ።»

«እንዴት አስቻለዎት?»

«ምን አደረግኩ? ሦስት እንጨት አነሣሁ።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ? በወርክሾፕ መካከል ተነበበ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ልጄ? እኔ እንኳ ያን ያህል እንደምትጨክኚ አልጠበቅኩም። ኮራሁብሽ።»

ይህ ነው የሚያመው፤ ክፉ ሰው ሲዋሽ መልስ አይጠፋም፤ እውነት ሲናገር ነው የሚጠፋው። ሦስቱን ፊደል አፍሳ ወጣች፤ «ኮራሁብሽ» የሚለው ቃል ግን ደረጃውን ሁሉ አብሯት ወረደ።

*

ወርክሾፑ በር ላይ ሬዲዮ ቀለም ይበጠብጣል።

«አንባቢ ፈልገሽ ከሆነ እኔ ያንን ሥራ ለቅቄያለሁ» አላት ቀና ሳይል።

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«እሱማ ዕቃውን እየጠቀለለ ነው። ግቢ፤ የሚሰበር ነገር ግን አልቀረለትም።»

ሚሊ መሮዎቹን በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ አንድ በአንድ። ቅዳሜ ማለዳ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ የትምህርት ቤት ወንበር ሊሠራ። አያት፤ እንደማንኛውም ደንበኛ አያት።

መዳፏን ዘረጋች። በ፣ ዪ፣ ኝ። የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ አጎቷ እንዳነሷቸው፣ እሷ ይቅር የሚለውን ብቻ እንዳየች፣ ምን ብላ እንደተረዳችው።

ኝን አንሥቶ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ይቺ በጣም አስቸግራኝ ነበር» አለ። «አናቷ ላይ ያለችው መስመር ትሰበርብኝ ነበር።»

«ይቅር በለኝ።»

«ሳምንት ሙሉ ወረቀት ላይ ሞከርኩ። እጄ እንቢ አለ። እንጨቱን ያውቃል፣ ወረቀቱን አያውቅም። ሰኞ ጽዳቶቹ በር ሲከፍቱ ገባሁ። የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሙሉ ነገር ስጽፍ። አልቆ ቆሜ ሳየው...» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «ሰው ጠርቼ ላሳይ አማረኝ።»

«እኔ አላየሁትም! እሳቸው ናቸው የወሰዱብኝ፣ እሳቸው...»

«እሳቸውን ይቅር ብያለሁ።»

አንገቷን ቀና አደረገች።

«እሳቸው የወሰዱት ሦስት ፊደል ነው። አንቺ የቀሩትን በሙሉ ተጠቀምሽባቸው።»

«ተናድጄ ነበር። የተውከኝ መስሎኝ ነበር።»

«እሺ፤ ተውኩሽ እንበል። ጨክኜ ጥዬሽ ሄድኩ እንበል። የተተወ ሰው ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ድንጋይ ይወረውራል። አንቺ ግን የሚያመኝን ቦታ በሜትር ለካሽው። መለካቱን ከእኔ ነው የተማርሽው መሰለኝ።»

ኝን መዳፏ ላይ መለሰላት፤ ጣቱ ቆዳዋን ሳይነካ።

«ቅዳሜ አጎድሎ አስረከበ ይሉኛል አሉ» አለ ጥቅልሉን እያሰረ። «ይበሉ።»

«አይሉም።»

«ማን ሊከለክላቸው?»

«እኔ» ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ በአጎቷ ቤት ማደጓ፣ እንጀራዋም ሥራዋም በእሳቸው እጅ መሆኑ ትዝ አላት፤ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እሱም ያንን አየ። ጥቅልሉን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ዓይኑ ውስጥ ንዴት አልነበረም። ንዴት ቢኖርበት ኖሮ ተስፋ ታደርግ ነበር።

*

ቅዳሜ ክፍሉ ሞልቶ ሰው በኮሪደሩ ተርፏል። ሕፃናቱ ግን ለምረቃ ደንታ የላቸውም፤ አንዱ የጨዋታ ሱቁ ውስጥ «ስኳር የለም፣ ነገ ና» እያለ ደንበኛ ያባርራል፤ ሌላዋ መደርደሪያው ሥር በደረቷ ተኝታ መጽሐፍ ትገልጣለች። ሚሊ የለም፤ በማለዳ ተነሥቷል። ሬዲዮ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ዳይሬክተሩ ማይክ ያዙ። ስለ ራእያቸው ተናገሩ። ለትውልዱ እንደተጨነቁ ተናገሩ። በመጨረሻም ወደ ገበታው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስቱ ቦታዎች ባዶ ናቸው።

«እንደምታዩት ሦስት ፊደል ይጎድላል። የሠራው ባለሙያ ፊደል ሳይቆጥር...» ቆም አሉ፤ ሳቁን ጠበቁ። «...ሳይቆጥር አስረክቦን ሄዷል!»

ሰው ሳቀ። ጨዋ፣ የተማረ፣ ልጆቹን ንባብ ሊያስጀምር የመጣ ሰው፤ ከልቡ ሳቀ።

ከሳቁ መካከል ተነሥታ ወደ ፊት ወጣች። ማይኩን ከእጃቸው ስትወስድ ንግግር ልታሳምርላቸው መሰላቸውና ፈገግ ብለው ለቀቁላት። ሦስቱን ፊደል ከቦርሳዋ አወጣች። ገበታው ላይ አልሰካቻቸውም፤ ሁሉም እንዲያይ በዝቅተኛዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸው።

«አናጺው አላጎደለም» አለች። «በእነዚህ ፊደሎች ይቅርታ ጠይቆኝ ነበር። ፊደሎቹ ተነሡ፤ ይቅርታው ስንብት ሆኖ ደረሰኝ። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ማንበብ እንደማይችል እያወቅኩ፣ ሰው መካከል እንዲነበብለት ብዬ። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ።»

ነገረቻቸው። ደብዳቤውን በቃሏ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ «ድምፁ ያማረ እንዲሆንልህ» እስከሚለው ድረስ፣ አንድ ቃል ሳታለሰልስ። የሳቁት ሰዎች ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ከኋላ ሬዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንተ ልጅ፣ ማይኩን ዝጋው!» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ ድምፅ ባለሙያው እየተጣደፉ። ባለሙያው አልሰማ አለ።

«የእኔ ይሄ ነው» አለች። «አይመለስም፤ እሱም አይመለስም፤ ይገባኛል።» ዞራ ማይኩን ወደ አጎቷ አፍ ዘረጋች። «አሁን የእርስዎ ተራ ነው፣ ጋሼ። ቢሮ አይደለም። ለብቻችን አይደለም። እዚሁ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ ጮክ ብለው፤ ሦስቱን ፊደል ማነው የወሰደው? ይመልሱ!»